እጅ የሚያደነዝዝ ፎርክ፣ ታች የሚመታ አሞርዛተር፤ ምን ይቀየር?

ጥያቄ፦ «የ2019 ሞዴል ትሬይል ብስክሌት አለኝ። ጎማው 29 ኢንች፣ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ሮክሾክስ ሬቨሌሽን አርሲ ባለ 130 ሚሊ ሜትር ጉዞ፣ የኋላው አሞርዛተር ሮክሾክስ ዴሉክስ 210 በ50 (ቁመቱ 210፣ ጉዞው 50 ሚሊ ሜትር) ነው። የኋላው ጎማ ጉዞም 130 ሚሊ ሜትር ነው። ከነትጥቄ 82 ኪሎ እመዝናለሁ። ከእንጦጦ ስወርድ ጥቃቅን ድንጋይና የዛፍ ሥር ላይ እጄ ይደነዝዛል፤ ፍሬን ስይዝ ደግሞ ፎርኩ ይሰምጣል። አየር ስጨምርለት መስመጡ ቀነሰ፣ መደንዘዙ ግን ባሰ። የኋላው ትንሽ እርከን ስወርድ እንኳ ‹ጓ› ብሎ ታች ይመታል። ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ በየሳምንቱ አራት ሰዓት ያህል እነዳለሁ፤ አየር ከመሙላት በቀር የነካሁት ነገር የለም። እህቴ ከአሜሪካ ስለምትመጣ ያገለገለ ባለ 160 ሚሊ ሜትር ፎክስ 36 ፎርክና ባለ ሞላ አሞርዛተር ላስመጣ አስቤአለሁ። ያዋጣኛል?»

ምላሽ፦

አያዋጣዎትም። ከጻፉት ሁሉ ዋናውን ነገር የያዘችው «አየር ከመሙላት በቀር የነካሁት ነገር የለም» የምትለዋ ናት። የፎርክዎ አቅም አላነሰም፤ ዘይቱ አልቋል። ባለ 160 ሚሊ ሜትሩ ፎርክ የብስክሌትዎን አነዳድ ያበላሻል፣ ባለ ሞላው አሞርዛተር ደግሞ ታች መምታቱን ሊያብሰው ይችላል። የእህትዎን ሻንጣ በሌላ ዕቃ እንዲሞሉት እመክራለሁ።

ከፊተኛው እንጀምር። በፎርኩ የታችኛው እግር ውስጥ ያለው የማለስለሻ ዘይት በየእግሩ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ የሁለቱም ቢሰበሰብ የቡና ስኒ ግማሽ አይሞላም። ይህች ዘይት ናት የላይኛው ቱቦ የሚንሸራተትባቸውን ቦኮላዎችና ከአቧራ መጥረጊያው ጎሚኒ ሥር የተቀመጠውን የስፖንጅ ቀለበት የምታርሰው። አምራቹ የታችኛው እግር በየ50 የመንዳት ሰዓት ተከፍቶ ዘይቱ እንዲቀየር፣ ዳምፐሩ (እንቅስቃሴውን በዘይት የሚቆጣጠረው ክፍል) እና የአየር ክፍሉ ደግሞ በየ200 ሰዓት እንዲታደሱ ያዛል። በሳምንት አራት ሰዓት የሚነዳ ሰው 50 ሰዓትን በሦስት ወር ይጨርሳል። በሁለት ዓመት ስምንት ጊዜ መከፈት የነበረበት ፎርክ አንድም ጊዜ አልተከፈተም ማለት ነው። በዚያ ላይ የበጋው ደቃቅ አቧራና የክረምቱ ቀይ ጭቃ በመጥረጊያው ጠርዝ ሰርገው እየገቡ ስፖንጁን ወደ ብርጭቆ ወረቀትነት ይቀይሩታል።

የደረቀ ፎርክ ሁለት የሚቃረኑ የሚመስሉ ጠባዮች በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ እርስዎን ግራ ያጋባዎትም ይኸው ነው። ፍትጊያው ከፍተኛ ስለሆነ ፎርኩን ከቆመበት ለማንቀሳቀስ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ሁለት ሴንቲ ሜትር የምታህል ድንጋይ ያን ያህል ኃይል ስለሌላት ፎርኩ አይነቃነቅም፤ ድብደባው በቀጥታ ወደ መዳፍዎ ይሄዳል። ፍሬን ሲይዙ ግን የመላ ሰውነትዎ ክብደት ወደ ፊት ስለሚመጣ ፍትጊያውን ይሰብረዋል፤ አንዴ ከተነቃነቀ በኋላ ደግሞ የሚይዘው ስለሌለ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። አየር መጨመር ሁለተኛውን ደበቀልዎት እንጂ የመጀመሪያውን አባሰው። ስለዚህ ጓደኞች «አየር ጨምርበት» ሲሉ የሚሰጡት ምክር ለዚህ በሽታ አይሆንም።

ይህን ሳይፈቱ ማረጋገጥ ይችላሉ። በላይኛው ቱቦ ላይ ያለውን የጎማ ቀለበት ወደ ታች ይጎትቱ፤ ቀለበት ከሌለ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ይሠራል። ሙሉ ትጥቅዎን ለብሰው ፔዳል ላይ ይቁሙ፤ አንድ ሰው ብስክሌቱን ይያዝልዎ። መጀመሪያ ፎርኩን በኃይል ተጭነው ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ቀለበቱን እንደገና ወደ ታች ጎትተው የተቀመጠበትን ይለኩ። ከዚያ መሪውን ወደ ላይ አንስተው ቀስ ብለው ክብደትዎን ያሳርፉ፤ ቀለበቱን መልሰው ወደ ታች ጎትተው እንደገና ይለኩ። ጤነኛ ፎርክ ላይ የሁለቱ ልኬት ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ 30፣ ሌላው 18 ከመጣ ፎርኩ ተጣብቋል፤ የትኛውንም መቆጣጠሪያ ቢያዞሩ ትርጉም አይኖረውም።

ከፍታ ላይ ለምንነዳ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ፎርኩ ፋብሪካ ውስጥ ሲገጠም በታችኛው እግር ውስጥ አየር አብሮ ይታሸጋል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የታሸገ አየር ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለችው አዲስ አበባ ሲመጣ ከውጪው ግፊት በ4 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ይበልጣል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የእንጦጦ ጫፍ ሲወጡ ልዩነቱ ትንሽ ይጨምራል። በዋናው የአየር ክፍል 80 ፒኤስአይ ላይ ይህ ምንም አይደለም። በታችኛው እግር ግን አየሩ ፎርኩ በተጫነ ቁጥር እየታመቀ ስለሚሄድ እንደ ሁለተኛ ሞላ ሆኖ ይገፋል፤ ጎሚኒዎቹንም ወደ ውጪ ይወጥራል። አዳዲሶቹ ፎርኮች፣ ለምሳሌ ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ፎክስ 36፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የሮክሾክስ ፓይክና ላይሪክ፣ ከእግራቸው ጀርባ በጣት የሚጫን ማስተንፈሻ አላቸው። የእርስዎ ሬቨሌሽን የለውም። የታችኛውን እግር እዚሁ ከፍተው ሲዘጉት ግፊቱ በራሱ ይስተካከላል። በመጥረጊያው ሥር ቀጭን ፕላስቲክ እያስገቡ ማስተንፈስ የተለመደ ቢሆንም ከአቧራ ጋር የገባ አንድ አሸዋ ቱቦውን ይጭረዋልና አልመክረውም።

እግሩን መክፈት ልምድ ባለው ሰው እጅ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የአየሩን መጠን ይጻፉና ሙሉ በሙሉ ያስወጡት። ጎማውን ያውጡ፤ በቀኝ እግር ሥር ያለውን የሪባውንድ (ፎርኩ ከተጫነ በኋላ የሚመለስበት ፍጥነት) ቁልፍ ይንቀሉ። በ5 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ሁለቱን የታች ቡሎኖች ሦስት አራት ዙር ብቻ ያላሉ፤ ሙሉ በሙሉ አያውጡ። ብሩጎላውን ቡሎኑ ውስጥ እንዳለ በፕላስቲክ መዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት ውስጡ ያለው ዘንግ ይላቀቃል። በብረት መዶሻ የተመታ ቡሎን ክሩ ይበላሻል፤ ዘንጉም ሊጣመም ይችላል። ከዚያ ቡሎኖቹን አውጥተው ከሥር ዕቃ አስቀምጠው እግሩን ወደ ታች ይሳቡት።

የሚፈሰውን ዘይት አይቶ መፍረድ ይቻላል። ጠቆር ያለ ግራጫ ከሆነ የተለመደ ያረጀ ዘይት ነው። ማኪያቶ የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለበት ቦኮላዎቹ እየተበሉ ነው፤ ያን ጊዜ የላይኛውን ቱቦ የኋላ ገጽ በደንብ ይዩ፣ መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ነው። ምንም ካልፈሰሰ ደግሞ የጠረጠርነው ሆኗል።

እግሩን ውስጥ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ይጥረጉ። የስፖንጅ ቀለበቱን ይቀይሩ፤ ከሌለ በደንብ አጥበውና አድርቀው በአዲስ ዘይት ይንከሩት። የመጥረጊያ ጎሚኒውን ውስጠኛ ከንፈር ለሰስፔንሽን በተሠራ ግራሶ ስስ አድርገው ይቀቡት፤ የኩሽኔታ ግራሶ እዚህ አይገባም፣ ወፍራም ስለሆነ ፍትጊያ ይጨምራል። እግሩን መልሰው ቦኮላው እስኪይዝ ድረስ ያስገቡ፤ ፎርኩን አዘንብለው በታችኛው ቀዳዳ በመርፌ መውጊያ ስሪንጅ በየእግሩ 10 ሚሊ ሊትር የሰስፔንሽን ማለስለሻ ዘይት ይጨምሩ። ትክክለኛው መጠንና የዘይት ዓይነት በሞዴሉ የጥገና መመሪያ ላይ ስለሚገኝ በፎርኩ መለያ ቁጥር ይፈልጉት። የሞተር ዘይትም ሆነ የፍሬን ዘይት አያስገቡ፤ የፍሬን ዘይት ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ይጨርሳቸዋል። ቡሎኖቹን በአዲስ ማሸጊያ ቀለበት 7 ኒውተን ሜትር አካባቢ ያጥብቁ። «ጠንከር ቢል ምን አለበት» ብሎ መጎተት ዘንጉን ክሩ ላይ ይበጥሰዋል፤ የአንድ ዘንግ ዋጋ ደግሞ ከጠቅላላው ጥገና ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ነው ማስተካከል የሚጀመረው። የ130 ሚሊ ሜትር ፎርክ ሳግ፣ ማለትም እርስዎ ሲቆሙበት የሚወርደው መጠን፣ 20 በመቶ ወይም 26 ሚሊ ሜትር ይሁን። አየር የሚሞሉት በእግሩ ላይ በተለጠፈው የክብደት ሠንጠረዥ ጀምረው ነው፤ ከዚያ ቀለበቱ የሚያሳየውን ይከተሉ። በየ20 ፒኤስአዩ ፎርኩን ጥቂት ጊዜ ይጫኑት፤ ካልተጫነ የላይኛውና የታችኛው የአየር ክፍል አይመጣጠኑም። ፖምፓውን ነቅለው መልሰው ሲሰኩት ንባቡ ዝቅ ብሎ ቢያገኙት አየር እያፈሰሰ አይደለም፤ የፖምፓው ቱቦ ራሱ የሚሞላው ከፎርኩ ስለሆነ ነው። ሪባውንዱን ከመሃል ይጀምሩ፤ መሪውን ተጭነው ሲለቁት ፎርኩ ፈጥኖ ይመለስ፣ ጎማው ግን ከመሬት አይነሳ። ሪባውንድ በጣም ከዘገየ ፎርኩ ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፤ እየቆየ ወደ ታች እየተቀመጠ ይሄድና በመጨረሻ ድንጋይ ሆኖ እጅዎን ይመታል። ኮምፕሬሽኑን፣ ማለትም ፎርኩ ሲጫን የሚገታውን መቆጣጠሪያ፣ ለጊዜው ሙሉ ክፍት ይተዉት። አንድ ቁልቁለት መርጠው ያንኑ ደጋግመው ይውረዱ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ሁለት ክሊክ ብቻ ይለውጡ።

ፍሬን ሲይዙ መስመጡ ከዚህ በኋላም ካልለቀቀ «ቶክን ጨምር» የሚልዎት አይጠፋም። ቶክን የአየር ክፍሉን ቦታ የሚያጠብ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው፤ የሚሠራው በጉዞው የመጨረሻ ሲሶ ላይ ነው። ፎርኩ ታች እንዳይመታ ይከላከላል እንጂ በመሃል ጉዞ ላይ አይደግፍም። እንዲያውም ቶክን አብዝተው አየር ሲቀንሱ መሃሉ ይበልጥ ይለሰልስና ፎርኩ ይበልጥ ይሰምጣል። መሃሉን የሚይዙት የአየር ግፊትና በዝግታ የሚሠራው ኮምፕሬሽን ናቸው፤ የእርስዎ ሬቨሌሽን እውነተኛ ድክመትም እዚህ ላይ ነው።

ሬቨሌሽን አርሲ ውስጥ ያለው ሞሽን ኮንትሮል የተባለው ዳምፐር ነው። ቀላልና የማይበላሽ ነው፤ ግን ዘይቱና አየሩ በአንድ ክፍል ውስጥ ስላሉ ረጅም ቁልቁለት ላይ እየተናጠ ዘይቱ አረፋ ይሆናል። አረፋ የተቀላቀለበት ዘይት አይቆጣጠርም። ኮምፕሬሽኑን ሲያጠብቁት ደግሞ የፍሬን መስመጡን ቢቀንስም ፈጣን ምት ሲመጣ ዘይቱ በጠባቧ ቀዳዳ ማለፍ ስለማይችል ፎርኩ ይደነድናል። በአንጻሩ ቻርጀር የተባለው ዳምፐር ዘይቱን ከአየር ለይቶ በላስቲክ ከረጢት ይይዘዋል፤ ቻርጀር 2.1 አርሲ2 የዝግታና የፍጥነት ኮምፕሬሽኑን በሁለት የተለያዩ መቆጣጠሪያዎች ይሰጣል። የፍሬን መስመጡን በአንዱ ይይዛሉ፣ ለድንጋዩ ሌላኛውን ክፍት ይተዉታል።

መልካሙ ነገር የ2018 እና ከዚያ በኋላ ሬቨሌሽን የተሠራው በዚያው ዘመን ፓይክ አካል ላይ መሆኑ ነው፤ የላይኛው ቱቦ ውፍረት 35 ሚሊ ሜትር ነው፣ አክስሉም 15 በ110 ሚሊ ሜትር፣ ቡስት የሚባለው መጠን ነው። ስለዚህ ለዚያ ዘመን ፓይክና ሬቨሌሽን ተብሎ የሚሸጠው የቻርጀር 2.1 ማሻሻያ ያለ ምንም ለውጥ ይገጠማል። ዳምፐሩ ያለበትን የቀኝ እግር ክዳን ከፍቶ አሮጌውን ማውጣት፣ አዲሱን ማስገባት፣ 28 ኒውተን ሜትር ማጥበቅ ነው። ከ2023 ሞዴል ጀምሮ ለወጡት ፎርኮች የተሠራውን ቻርጀር 3 እንዳይገዙ፤ በእርስዎ አካል አይገባም። ሻጩ «ለፓይክ ይሆናል» ካለ የትኛው ዓመት ፓይክ እንደሆነ ይጠይቁ።

በዚያው ፎርክ ተከፍቶ እያለ የአየር ዘንጉን በ140 ሚሊ ሜትር ዴቦንኤር መቀየር ከሁሉ ርካሹና የሚሰማው ለውጥ ነው። በዴቦንኤር የታችኛው የአየር ክፍል ሰፋ ያለ ስለሆነ ፎርኩ ከላይ ሲነሳ ይለሰልሳል፤ እጅ ለሚደነዝዘው ሰው ይህ ነው መድኃኒቱ። 10 ሚሊ ሜትር መጨመሩ የፊቱን ማዕዘን ግማሽ ዲግሪ ያህል ያጋድማል፣ የፔዳሉን መሃል በ3 እና በ4 ሚሊ ሜትር መካከል ከፍ ያደርጋል፤ ለቁልቁለት ይረዳል፣ ዳገት ላይ ብዙም አይጎዳም። ከዚያ በፊት ግን ቴላዮውን (የብስክሌቱን ዋና አካል) የሠራው ድርጅት የሚፈቅደውን ከፍተኛ የፎርክ ጉዞ ያረጋግጡ።

160 ሚሊ ሜትሩን ያልመከርኩት በዚሁ ስሌት ነው። ፎክስ 36 ከአክስል እስከ ትከሻው ሲለካ ከአሁኑ ፎርክዎ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። የፊት ማዕዘኑ ከአንድ ተኩል ዲግሪ በላይ ይጋደማል፤ የኮርቻው ቱቦም በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይጋደማል። ከሱሉልታ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ፊተኛው ጎማ መንሳፈፍና መዋለል ይጀምራል፤ ክብደትዎን ኋላ ስለሚጥለው ታች የሚመታውን አሞርዛተር ይባስ ይጭነዋል። በፊት 160 ከኋላ 130 የሆነ ብስክሌት ፊቱ የሚችለውን መሬት ኋላው አይችለውም። ከሁሉ በላይ ግን ረዘም ያለ ፎርክ በቴላዮው የራስ ቱቦ ላይ የሚያሳድረው የማጣመም ኃይል ያድጋል። ቴላዮው ለዚያ ካልተሠራ ከታችኛው ቱቦ ብየዳ ላይ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ነው። ይህ ቀልድ የሌለበት ነገር ነው።

ወደ ኋላው እንለፍ። 130 ሚሊ ሜትር የጎማ ጉዞ በ50 ሚሊ ሜትር የአሞርዛተር ጉዞ ሲካፈል 2.6 ይሆናል፤ አሞርዛተሩ አንድ ሚሊ ሜትር ሲገባ ጎማው በአማካይ 2.6 ሚሊ ሜትር ይነሳል ማለት ነው። ሳጉ ከ28 እስከ 30 በመቶ ይሁን፣ ማለትም በዘንጉ ላይ 14 ወይም 15 ሚሊ ሜትር። የመነሻ አየሩ የክብደትዎ ፓውንድ ነው፤ 82 ኪሎ 180 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ በ180 ፒኤስአይ ይጀምሩ። በየ50 ፒኤስአዩ ቆም ብለው አሞርዛተሩን አሥር ጊዜ ያህል ይጫኑት። ሳጉ 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ ካገኙት ታች የሚመታው አየር አንሶት ነው፤ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል።

ሳጉ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚመታ ከሆነ አየር አይጨምሩ፤ የአየር ክፍሉን ቦታ ያጥብቡ። ዴሉክስ ውስጥ ለዚህ የተሠሩ የጎማ ቀለበቶች አሉ። የአየር ጣሳውን ፈትቶ አንድ ቀለበት መጨመር፣ መንዳት፣ ካልበቃ ሁለተኛውን መጨመር ነው። ጣሳው በተፈታበት ጊዜ ጎሚኒዎቹንም ይቀይሩ፤ የጣሳውም ጥገና በየ50 ሰዓት የሚደረግ ነው። በቁልቁለቱ ውስጥ አንዴ ከትልቁ እርከን ላይ ቀለል አድርጎ ታች ቢነካ ግን ችግር የለውም፤ የከፈሉበትን ጉዞ እየተጠቀሙበት ነው።

ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። ጣሳውን ከመፍታትዎ በፊት አየሩን ቀስ ብለው ያስወጡ፣ በመካከል አሞርዛተሩን ይጫኑና ይልቀቁ፣ ቫልቩን ተጭነው እንደገና ያስወጡ። አየር ወጥቶ አሞርዛተሩ አጥሮ ተጣብቆ ከቀረና ወደ ላይ አልመለስ ካለ በታችኛው ክፍል የታመቀ አየር አለ ማለት ነው፤ አይፍቱት። ጣሳው እንደ ጥይት ይወነጨፋል። ናይትሮጅን የተሞላበትን የዳምፐሩን ክፍልም ልዩ መሣሪያ የሌለው ሰው አይንካው።

አሞርዛተሩ ከቴላዮው ጋር የሚገናኝባቸውን ቦኮላዎችም ይፈትሹ። ጣትዎን ቡሎኑና ዐይኑ መካከል አድርገው በሌላ እጅ ኮርቻውን ቀስ ብለው ያንሱ፤ «ጠክ» የሚል ክፍተት ከተሰማዎት ቦኮላው አልቋል። የሚገርመው ብዙ ሰው ይህን ድምፅ አሞርዛተሩ ታች መታ ብሎ ይተረጉመዋል።

ባለ ሞላው ለምን እንደማይሆን በአጭሩ። የአየር አሞርዛተር ወደ ታች በገባ ቁጥር አየሩ እየታመቀ ስለሚደነድን መጨረሻው ላይ በራሱ ይከላከላል። የብረት ሞላ ግን ግፊቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን ብቻ እየጨመረ ይሄዳል፤ በጫፉ ላይ ካለች ትንሽ የጎማ መከላከያ በቀር ታች መምታትን የሚያስቆምለት ቴላዮው ራሱ ነው። የቴላዮው ንጽጽር፣ ማለትም ቀደም ብለን በአማካይ 2.6 ያልነው የጎማና የአሞርዛተር ጉዞ ድርሻ፣ ከ2.9 ጀምሮ ወደ 2.3 የሚወርድ፣ ማለትም ወደ 20 በመቶ የሚጠጋ ለውጥ ያለው ከሆነ ሞላ ይሸከማል፤ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ አይችልም። ከዚያም ሞላው በክብደትዎ ልክ የሚገዛ ነው። በእርስዎ ስሌት ከ500 እስከ 550 ፓውንድ በኢንች መካከል ይወድቃል፤ ግምቱ ከሳተ አዲስ ሞላ ማስመጣት እንጂ በፖምፓ ማረም አይቻልም። አየር ግን እዚሁ በእጅዎ ነው።

ጥገናውም ቀለበቱም ተደርጎ ረጅም ቁልቁለት ላይ አሞርዛተሩ እየጋለ ሪባውንዱ እየፈጠነ የሚሄድ ከሆነ ያን ጊዜ ተጨማሪ የዘይት ጣሳ ያለው የአየር አሞርዛተር፣ ለምሳሌ ሱፐር ዴሉክስ፣ መግዛት ምክንያት ይኖረዋል። መጠኑ 210 በ50 ይሁን። 210 በ55 ቁመቱ አንድ ስለሆነ ይገባል፤ ነገር ግን የኋላውን ጉዞ ወደ 143 ሚሊ ሜትር ስለሚያደርሰው ጎማው የኮርቻውን ቱቦ ሊመታ ይችላል። የቡሎን ቦታዎቹን ስፋት፣ የኮምፕሬሽኑን የፋብሪካ ልክ የሚያሳየውን ጽሑፍና ተጨማሪው ጣሳ ቴላዮውን አለመንካቱን ይለኩ።

ያገለገለ ፎርክ ላይ ልብዎ ከጸና ጉዞው 140 የሆነውን ይፈልጉ። የመሪ ቱቦው ከላይ አንድ ኢንች ከአንድ ስምንተኛ ከታች አንድ ተኩል ኢንች ይሁን፤ ሻጩ ከቆረጠው በኋላ የቀረው ርዝመት ከእርስዎ የራስ ቱቦ፣ ከመሪ መያዣውና ከቀለበቶቹ ድምር ማነስ የለበትም። የላይኛውን ቱቦ በጥፍር ይዳስሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ያለበት ፎርክ ዘይት ያፈሳል። የፊት ፍሬን ይዘው ወደ ፊት ወደ ኋላ ሲገፉት ትከሻው ላይ የሚንቋቋ ድምፅ ካለ አይግዙ፤ ያ ክፍል በጥገና አይስተካከልም።

ለእህትዎ የሚልኩት መልእክት እንግዲህ ይህ ነው፦ ለ35 ሚሊ ሜትር ሬቨሌሽን የመጥረጊያ ጎሚኒና የስፖንጅ ቀለበት አንድ ስብስብ ከነመለዋወጫው፤ የታች ቡሎን ማሸጊያ ቀለበቶች፤ ለታችኛው እግር በመመሪያው የተጠቀሰው ዘይት አንድ ጠርሙስ፤ የሰስፔንሽን ግራሶ አንድ ትንሽ ቱቦ፤ ለዴሉክስ 210 በ50 የአየር ጣሳ ጎሚኒና ሁለት የጎማ ቀለበት፤ ከሌለዎት የሰስፔንሽን ፖምፓ። እነዚህ በቅድሚያ። ገንዘብ ከተረፈ ቻርጀር 2.1 አርሲ2 ለ2018 እና ከዚያ በኋላ ፓይክና ሬቨሌሽን ቡስት፣ ከእርሱ ጋር ለ29 ኢንች የ140 ሚሊ ሜትር ዴቦንኤር የአየር ዘንግ። ከመግዛቷ በፊት ከፎርክዎ ትከሻ ሥር ያለውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንስተው ይላኩላት፤ ሻጩ ዕቃው እንደሚገጥም የሚያረጋግጠው በእርሱ ነው።